ከፊደል በላይ ያለች ነጥብ፦ የአንድ የመጻሕፍት ፖድካስት የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጀመሪያውን ቅጂ ዛሬ ጠዋት ከዳር እስከ ዳር አዳመጥኩት። አርባ ሁለት ደቂቃ ነው። ጋሼና እኔ ስለ አንድ መጽሐፍ አውርተናል፤ ደራሲው የት እንደተወለደ፣ መጽሐፉ መቼ እንደታተመ፣ ሐያስያን ምን እንዳሉበት። የተሳሳተ ነገር የለበትም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከመጽሐፉ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተሰማችም። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ይዞ ይነሣል? የድግሱን ወሬ ሰምቶ ጾሙን እንዳደረ ሰው ነው የሚሆነው። ቅጂውን አጠፋነው።

ማስታወሻውን ዛሬ ስለጀመርኩ ማን ምን እንደሚሠራ ልጻፍ። እኔ የመጻሕፍት አራሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳነብ እውላለሁ። ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ በልጅነታቸው ደግሞ ጎጃም ውስጥ ንባብ ቤት ገብተው ነበር። የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ቅጂውንና ኮምፒውተሩን የያዘችው እሷ ናት። የምንቀዳው ኮተቤ፣ በእኔ ቤት፣ በኋለኛው ክፍል ነው።

ግንቦት 9

ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩ በማዳመጥ አንድ ሳምንት አሳለፍን።

የቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ቡክ አት ቤድታይም» የተባለ ዝግጅት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ አለ። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት፣ አንድ አንባቢ፣ አንድ መጽሐፍ። ውይይት የሚባል ነገር የለውም፤ መጽሐፉ ለሬዲዮ እንዲመች አጥሮ በክፍል በክፍል ይነበባል። በዚያው ተቋም የዓለም አቀፍ አገልግሎት ላይ ያለው «ወርልድ ቡክ ክለብ» ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ነው፤ ሃሪየት ጊልበርት ደራሲውን ከፊቷ ታስቀምጥና ከየአገሩ የሚመጣውን የአድማጮች ጥያቄ ታቀርብለታለች። የእህቴ ልጅ ይህንን ወደደችው። አድማጩ የሚጠይቀው ጥያቄ ሐያሲ ከሚጠይቀው ይለያል፤ «ለምን ገደልካት?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል።

እኔን የያዘኝ ግን የ«ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት የልብ ወለድ ፖድካስት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በወር አንድ ጊዜ ይወጣል። አንድ ደራሲ ከመጽሔቱ ማኅደር የሌላ ደራሲ አጭር ልብ ወለድ ይመርጣል፣ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበዋል፣ ከዚያም ከአዘጋጇ ከዲቦራ ትራይስማን ጋር ይወያዩበታል። ዋናው ጨዋታ የሚመጣው ታሪኩ ከተነበበ በኋላ ነው። አድማጩ የሚወራበትን ነገር ራሱ ሰምቶታል፤ ስለዚህ በልቡ ይስማማል፣ ይከራከራል። የኛ አርባ ሁለት ደቂቃ የጎደለው ይህ ነበር።

ግንቦት 10

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን ፍለጋ ለንደን ድረስ ምን አስኬደሽ? ወጋየሁን ረሳሽው እንዴ?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅቱ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተረከበት ጊዜ እኮ የዚህ ሥራ ሁሉ አባት ነው። መጽሐፉን በእጃቸው ያልነኩ፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሰብለ ወንጌልን እና በዛብህን በእሱ ድምፅ አወቋቸው። ጋሼ ያን ጊዜ የነበሩበት ከተማ ሬዲዮ ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ጎረቤቱ በርጩማ ይዞ ይሰበሰብ እንደነበር ነገሩኝ። ቡና የምታፈላው ሴት እንኳ ዝግጅቱ ሲጀምር ሙቀጫውን ታስቀምጥ ነበር አሉ።

ማታ የወጋየሁን ቅጂ ከፍቼ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ለየገጸ ባሕርዩ ድምፅ ማውጣቱን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የፈለግኩት ግን ዝም የሚልበትን ቦታ ነው። መጽሐፉን ከፊቴ ዘርግቼ እሱ ያረፈበትን ሁሉ በእርሳስ አጭር መስመር አደረግኩ። አንድ ገጽ ጨርሼ ሳየው መስመሮቼና የመጽሐፉ ሥርዓተ ነጥብ አንድ አይደሉም። ነጥቡ ለዓይን የተቀመጠ ነው። ወጋየሁ ያረፈው ሰሚው ነገሩን እስኪያየው ድረስ ነው።

የዝግጅቱ ቅርጽ እዚያው ተወሰነ። መጀመሪያ ንባብ፣ ከዚያ ጨዋታ፤ ከተነበበው ወጥቶ የሚሄድ ወሬ አይገባም።

ግንቦት 17

ምን እናንብብ? ሁለት ሳምንት ሙሉ የተከራከርነው በዚህ ነው።

በልቤ የነበረው በቅርብ ዓመታት የወጣ ልብ ወለድ ነበር። ሆኖም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ጥቂት መስመር ጠቅሶ መወያየት አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉን ሙሉውን አንብቦ ማሰራጨት ሌላ ነገር ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ለአንድ አሳታሚ ደብዳቤ ጽፈናል፣ መልስ አልመጣም። በየማኅበራዊ ገጹ ያለ ፈቃድ የሚነበበው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ እኛ ግን በዚያ መንገድ አንሄድም። በእርማት ሥራዬ ደራሲ ለአንድ አንቀጽ ስንት ሌሊት እንደሚያድር አይቻለሁ።

ስለዚህ ወደ ኋላ ሄድን፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» መረጥን። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመ፣ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቅ፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1947 ስላረፉ የመብቱ ዘመን አልፏል። አጭር ነው፤ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ የምትወጣ ልጅ ታሪክ ስለሆነ ለጆሮ ይመቻል። «ልብ ወለድ» የምንለው የዘርፉ ስም ራሱ ከዚሁ ርእስ መጣ ይባላል። ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘንም።

ግንቦት 24

ክፍሉ። ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የተነገረ ይመስላል፤ ድምፁ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል። በመስኮቱ በኩል ሁለት ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ከአንባቢው ጀርባ የልብስ ቁም ሳጥኑን በሩን ከፍተን አቆምን፣ ጠረጴዛው ላይ ጋቢ አነጠፍን። የእህቴ ልጅ መሐል ቆማ አጨበጨበች፤ መጀመሪያ «ጣ» ይል የነበረው «ጥ» ብሎ ቀረ።

ማይክሮፎኑ ርካሽ ነው፤ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ። ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጣል። ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «በ» ሲነሡ ትንፋሹ ይገፋዋል፣ «ሰ» እና «ሸ» ያፏጫሉ። ሽቦ አክብበን ስቶኪንግ ወጠርንበትና ከፊቱ አቆምነው፤ ትንፋሹን እሱ ይቀበላል። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» ግን በስቶኪንግ አይመለሱም። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እንደ እሾህ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ይታያሉ። መድኃኒታቸው ጮክ አለማለት ብቻ ነው። ጋሼ አርባ ልጅ ለሞላበት ክፍል ሲናገሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይህ ከብዷቸዋል። «እኔ አጠገብዎ እንደተቀመጥኩ አድርገው ያንብቡልኝ» አልኳቸው። በዚያ ተስተካከለ።

ከማንበባችን በፊት ሁልጊዜ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማንም ሳይናገር ክፍሉን ብቻ እንቀዳለን። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከዚያ ናሙና ወስዶ የማያቋርጠውን ሹክሹክታ ይቀንሳል። ስንቆርጥ ደግሞ የምንሰፋበት ክር ይህ ነው። ፍጹም ጸጥታ የገባበት ቁራጭ ጆሮ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይሰማል።

ሰኔ 2

ዛሬ የሠራነው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከዚህ ማስታወሻ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ይቀመጥ ብባል ይህን ነው የማስቀምጠው።

ከመቅዳታችን በፊት ልምምድ ብዬ እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት መስመር ሳልሄድ ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ አንቺ የምታነቢው ለዓይንሽ ነው። ለጆሮ አንብቢ እንጂ።»

የአማርኛ ፊደል የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ የቱ እንደሚጠብቅ፣ የቱ እንደሚላላ። ስናነብ በልባችን እናውቀዋለን፤ ስለዚህ አይታየንም። አፍ ሲከፈት ግን መወሰን ግድ ነው። «ገና» ላልቶ ከሆነ ጊዜው አልደረሰም፤ ጠብቆ ከሆነ በዓሉ ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ጠብቆ የሜዳው ስፋት ነው። «ዋና» ላልቶ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ የሥራው አለቃ ነው። «ይሰማል» ላልቶ ሰውየው ያዳምጣል፤ ጠብቆ የሰውየው ድምፅ ለሌላው ጆሮ ይደርሳል። እነዚህን አንባቢ ከዙሪያው ቃል ይፈታቸዋል። የሚያስቸግረው ሁለቱም መንገድ የሚያስኬድበት ቦታ ነው። አሮጌ ጽሑፍ ላይ ንግግርን ከትረካ የሚለይ ትምህርተ ጥቅስ አይጠበቅም፤ እና «አለ» ሲመጣ ሰውየው ተናገረ ነው ወይስ ሰውየው እዚያው አለ? አንባቢው ሲወስን ከደራሲው ጋር አብሮ ጻፈ ማለት ነው።

ጋሼ ቀይ እርሳስ አወጡና ፎቶ ኮፒው ላይ በሚጠብቁት ፊደሎች ራስ ላይ ነጥብ ማድረግ ጀመሩ። «ይህን ከየት አመጡት?» አልኳቸው። «ሐዲስ ዓለማየሁስ እንዲህ አላደረጉም እንዴ?» አሉኝ። ቤት ገብቼ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አወጣሁ። እውነት ነው፤ ሐዲስ የሚጠብቁትን ፊደላት በላያቸው ነጥብ እየጣሉ ነው ያሳተሙት። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! የአራሚ ዓይን ይዤ፣ ነጥቦቹን እንደ ሕትመት ጉድፍ አልፌያቸው ኖሬአለሁ። የአማርኛን ልብ ወለድ በሬዲዮ ያነገሠው ያ መጽሐፍ ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ለአፍ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ወጋየሁ በእነዚያ ነጥቦች ተመርቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ደራሲው ድምፁን ሰምቶ እንደጻፈ አሁን አምኛለሁ።

ጋሼ ሌላም ነገር ጨመሩ። ንባብ ቤት ሳሉ ግእዙን በተነሽ፣ በወዳቂ፣ በተጣይና በሰያፍ፣ ማለት የቃሉን ድምፅ በማንሣትና በመጣል፣ ለይቶ ያላነበበ ተማሪ ትርጉሙን ቢያውቅ እንኳ አላነበበም ይባል ነበር። ግእዝ ንባቡን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን ወጥቶ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። አማርኛው ላይ ይህን ያህል የተጨነቀ አስተማሪ አላጋጠመኝም። ጋሼ አሁን እየተጨነቁ ነው፤ እኔም አብሬ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያቺን አንድ ገጽ ነጥብ ስንጥልባት ዋልን። ስትነበብ ሦስት ደቂቃ ከሩብ ሆነች።

ሰኔ 11

ሌላው ፈተና ትንፋሽ ነው። የአፈወርቅ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የአንባቢው ትንፋሽ ካጠረ የሚከስመው የነገሩ ፍሬ ነው። ጋሼ ከግሡ ሦስት ቃል ቀድመው እንዲተነፍሱ በሰማያዊ እርሳስ ምልክት አደረግን። ገጹ አሁን ቀይና ሰማያዊ ሆኗል፤ የዜማ መጽሐፍ መስሏል።

ሰኔ 23

የመጀመሪያው ክፍል ወጣ። ንባቡ አሥራ ስድስት ደቂቃ፣ ጨዋታው አሥራ አራት። በሞኖ፣ ማለት በአንድ የድምፅ መስመር፣ በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ነው ያስቀመጥነው፤ ግማሽ ሰዓቱ 14 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። በ128 ቢሆን እጥፍ ይሆን ነበር፣ ለሰው ድምፅ ደግሞ ያን ያህል አይጨምርም። ኢንተርኔት በካርድ እየገዛ የሚሰማ ሰው እንዳለ አንርሳ። የድምፁን ጉላት ለሞኖ እንደሚመከረው -19 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) ላይ አደረግነው። በቴሌግራም ቻናልና በፖድካስት መስመር ተለቋል።

ሐምሌ 4

ዝናብ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት በክረምት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባን። ከሰዓት በኋላ አይታሰብም። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የምንሠራው፤ እሱም ጎረቤት በር ካልተንኳኳና ውሻው ካልጮኸ።

ሐምሌ 8

ሦስተኛውን ክፍል አጣነው። ጋሼ ንባቡን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ በሚመስል ሁኔታ አንብበው ሲጨርሱ መብራት ጠፋ፤ ፋይሉ አልተቀመጠም ነበር። የእህቴ ልጅ አለቀሰች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ነጥቦቹ ወረቀቱ ላይ አሉ አይደል? ነገ እናነበዋለን» አሏት። ከዛሬ ጀምሮ ስልክ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ ይቀዳል፤ በየገጹም እናስቀምጣለን።

ሐምሌ 19

አንድ አድማጭ ጻፈልን፦ «ከጣሊያን ጋር የሠራን ሰው መጽሐፍ ለምን ታነባላችሁ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀድመን ማንሣት የነበረብን እኛ ነበርን። አፈወርቅ በወረራው ዘመን ከወራሪው ጎን ቆመዋል፤ «አፈ ቄሳር» የሚል ሹመትም ነበራቸው። እኛ በመጀመሪያው ክፍል ስለ ቋንቋቸው ብቻ ተናግረን አልፈነው ነበር። አራተኛውን ክፍል በዚህ ጀመርነው። አድማጩን ስሙን ሳንጠራ ጥያቄውን እንዳለ አነበብነው፣ ደራሲው ያደረጉትን ሳናለሳልስ ተናገርን፣ ከዚያ ንባቡ ቀጠለ። ጋሼ፣ «አማርኛው የሕዝብ ነው፤ እሳቸው የወሰዱትን ያህል እኛም እንወስዳለን» አሉ። እኔ በዚህ እስማማለሁ። የማይስማማ አድማጭ ካለ የእሱንም መልእክት እናነባለን።

ነሐሴ 12

ከኩዌት አንዲት እህት መልእክት ላከችልን። ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የምታዳምጠው ማታ ሥራ ጨርሳ ከመተኛቷ በፊት ባላት ጥቂት ጊዜ ነው። ግማሽ ሰዓቱን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ በማግስቱ ያቆመችበትን ፍለጋ ጊዜ ይሄዳል። «ንባቡን ለብቻ አድርጉልኝ፤ ጨዋታውን ዓርብ እሰማዋለሁ» ትላለች።

የሩብ ሰዓቱ ምሥጢር ይህ ነው ለካ። ለንደኖቹ ለመኝታ ሰዓት ብለው ቀድመው አውቀውታል። ከአምስተኛው ክፍል ጀምሮ ንባቡና ጨዋታው ተለያይተው ይወጣሉ፤ ንባቡ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፣ 7 ሜጋባይት ገደማ ነው። ያለፉትንም አራቱን ለያይተን መልሰን ጫንን። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀ፤ እሷ ግን በማግስቱ ሁለት ክፍል ሰምታ ጽፋልናለች።

መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

በዓሉን አርፈን ተመለስን። ማየት የተሳናቸው አንድ አድማጭ በድምፅ መልእክት ልከዋል፤ መምህር ነበሩ። ንባቡን አመስግነው፣ ቀጥለው በስድስተኛው ክፍል መግቢያ ላይ አንዲት ቃል ተበላሽታለች አሉ።

መግቢያውን የማነበው እኔ ነኝ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። «በዚያን ዘመን ያለ ገንዘብ መንገድ የወጣ ሰው» ይላል። ከፍቼ ሰማሁት። «ያለ»ን አጥብቄዋለሁ። ገንዘብ የሌለው ሰው ማለቴ ነበር፤ በጆሮ የሚሰማው ግን ገንዘብ እንዳለ ነው። የጋሼን ገጾች ሁሉ ነጥብ ስንጥልባቸው ከርመን የራሴን ግማሽ ገጽ እርሳስ አላስነካሁትም። እኚያ ሰው መጽሐፉን በወረቀት ሊያስተያዩት አይችሉም። ለእሳቸው የታተመው ቅጂ የእኔ ድምፅ ነው፤ የሕትመት ስሕተት ያለበት ቅጂ ነው የሰጠኋቸው።

መስከረም 15

አንዲት ቃል ብቻ መልሶ መቅዳት ገጽ ሙሉ ከመቅዳት ይከብዳል። የጠዋት ድምፅ ከማታ ድምፅ ጋር አይገጥምም፤ ያንን መግቢያ የቀዳሁት ማታ ነበር። ብርድ ልብሶቹን እንደገና ሰቀልን፣ ቁም ሳጥኑን ከፈትን፣ ማይክሮፎኑን በስንዝር ለካን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ካፊያው ቆመ። ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ዘጠኝ ጊዜ አነበብኩ። የእህቴ ልጅ ከሰባተኛው «ያለ»ን ቆርጣ አወጣች፤ ግማሽ ሰከንድ አትሞላም። በሁለቱም በኩል የክፍሉን ጸጥታ ሰፍታ አስገባቻት።

ጋሼ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዴ ሰሙት። እጃቸውን አዙረው መልሺው አሏት። ደግመው ሰሙት።

«ላልታለች» አሉ።

የቀድሞውን ፋይል አንሥተን አዲሱን ተካን፤ ለመምህሩም በድምፅ መልእክት አሳወቅናቸው። የሚቀጥለው ክፍል መግቢያ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቀይ እርሳሱ ከላዩ አለ።